ታይ ቺን በቤት ውስጥ እንደ ውጊያ ጥበብ መለማመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር ታይ ቺን ከሚለማመዱ ወይም ለመጀመር ከሚያስቡ ሰዎች በተለያየ ጊዜ የቀረቡልኝ ናቸው። ከጠያቂዎቹ አብዛኞቹ በአቅራቢያቸው አሠልጣኝ የላቸውም፤ ያላቸው ሰዓት ከሥራ በፊት ያለው ማለዳ፣ ያላቸው ቦታም የመኖሪያ ቤታቸው ሳሎን ወይም የግቢያቸው ጥግ ነው። መልሶቹ የተጻፉት ጥበቡን ለጤንነት ብቻ ሳይሆን ለራስ መከላከያ ጭምር ለሚፈልግ ሰው ነው።

ታይ ቺ በእርግጥ የውጊያ ጥበብ ነውን? የምናየው አረጋውያን በመናፈሻ ቀስ ብለው ሲሠሩት ነው።

የውጊያ ጥበብ ሆኖ ተወልዶ በጤና እንቅስቃሴነቱ የታወቀ ነው። ሙሉ ስሙ ታይ ጂ ቹዋን ሲሆን «ቹዋን» የሚለው የቻይንኛ ቃል ቡጢ ማለት ነው። የጥበቡ የታወቀ ታሪክ የሚያያዘው በቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር ከሚገኘው የቼን ቤተሰብ መንደር ጋር ነው፤ ቤተሰቡም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረውን ቼን ዋንግቲንግን፣ የጦር ሰው የነበረውን ቀደምት አባታቸውን፣ ጀማሪው አድርጎ ይቆጥራል። ያንግ ሉቻን (1799–1872) የተባለ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ ሰው በዚያ መንደር ተምሮ ወደ ቤጂንግ ወሰደው፤ በዚያም ያስተማረው ለጤንነት ሳይሆን ለፍልሚያ ነበር። ዛሬ የምናውቀውን ለስላሳና አንድ ወጥ ዝግታ ያለውን መልክ በስፋት ያስተማረው የልጅ ልጁ ያንግ ቼንግፉ (1883–1936) ነው። ቀጥሎም የቻይና የስፖርት ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ1956 ከዚሁ የያንግ ስልት 24 እንቅስቃሴ ያለውን አጭር ፎርም ለሕዝብ አዘጋጁ፤ በመናፈሻ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ዩኔስኮ ጥበቡን በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

ፎርም የምንለው ተያይዘው በአንድ ቅደም ተከተል የሚሠሩትን እንቅስቃሴዎች ነው። በፎርሙ ውስጥ የምትነሣ እያንዳንዷ እጅ የምትገፋው፣ የምትስበው ወይም የምትመታው ሰው አላት። በቤት ውስጥ የሚደረግ ልምምድ ለውጊያ የሚሆነው ይህ የማይታይ ሰው የት እንደቆመ፣ በየትኛው እጁ እንደመጣና ክብደቱ በየትኛው እግሩ ላይ እንዳለ ተለማማጁ በየእንቅስቃሴው ሲያውቅ ነው። ይህን ሳያውቅ ሃያ ዓመት ቢሠራው ጥሩ ጤንነት ያገኛል፤ ከዚያ ያለፈ ግን አይጠብቅ።

ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ተለማምጄ ራሴን መከላከል እችላለሁን?

በከፊል። ብቻን በመለማመድ የሚገነባው አካሉ ነው፤ የእግር ጥንካሬ፣ የወገብ አዟዟር፣ የትከሻ መፈታት፣ ሚዛን፣ ኃይልን ከመሬት ተቀብሎ እስከ መዳፍ የማድረስ ችሎታ። ብቻን በመለማመድ የማይገኘው ደግሞ ርቀትንና ጊዜን መለካት፣ የሌላውን ሰው ግፊት በቆዳ ማወቅ፣ እንዲሁም ሰው በእውነት ሲመጣ አለመደንገጥ ነው። እነዚህን የሚያስተምረው ሌላ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ስድስት ቀን ብቻውን የሚለማመድ ሰው በሰባተኛው ቀን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ከሰው ጋር እጅ ለእጅ ካልተያያዘ፣ የሚሠራው ውጊያ ሳይሆን የውጊያ ጥናት ነው ብሎ ራሱን በሐቅ ቢመለከት ይሻላል።

ከየትኛው ስልት ልጀምር?

የሚያርምዎት ሰው ከሚያውቀው። ታዋቂዎቹ የቤተሰብ ስልቶች አምስት ናቸው፤ ቼን፣ ያንግ፣ በቻይንኛ በተለያየ ፊደል የሚጻፉት ሁለቱ ዉ፣ እና ሱን። ያንግ ሰፋፊና አንድ ወጥ ፍጥነት ያለው በመሆኑ ለጀማሪ ይቀላል፤ ቼን ዝግታንና ድንገተኛ ፍጥነትን ስለሚያፈራርቅ የውጊያ መልኩ ጎልቶ ይታያል፣ ነገር ግን ያለ አራሚ ጉልበትንና ወገብን ይጎዳል። አንዱን መርጦ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት እንጂ ከዚህም ከዚያም መቅመስ አይጠቅምም።

በቀን ምን ያህል ጊዜ ልለማመድ? ጊዜውንስ እንዴት ልከፋፍለው?

አርባ አምስት ደቂቃ በየቀኑ ይበቃል፤ በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከመሥራትም ይሻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአከፋፈሉ ነው። ያለውን ጊዜ በሙሉ ለፎርሙ ይሰጣል፣ ፎርሙን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ላቡን ጠርጎ ይወጣል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያባከንሁት በዚሁ መንገድ ነው። ፎርም መጽሐፉ ነው፤ ፊደሉ ግን አቋቋም፣ አረማመድና የአንድ እንቅስቃሴ ጥናት ነው።

የእኔ ማለዳ ከ12 ሰዓት ጀምሮ እንዲህ ይሄዳል። አምስት ደቂቃ ከቁርጭምጭሚት ጀምሬ ጉልበትን፣ ዳሌን፣ ወገብንና ትከሻን በዝግታ እያዞርሁ አፍታታለሁ። ቀጥሎ አሥር ደቂቃ ቆሜ እቆያለሁ፤ እግሮች በትከሻ ስፋት፣ ጉልበቶች በጥቂቱ የታጠፉ፣ እጆች በደረት ፊት እንስራ ያቀፉ ይመስል ክብ ሆነው፣ ክርኖች ወደ መሬት የከበዱ፣ አናት ወደ ላይ የተሳበ፣ ጅራት አጥንት ወደ ታች የወረደ። እንስራው ሙሉ ነው ብሎ ማሰብ ይረዳል፤ አጥብቀው ቢያቅፉት ይሰበራል፣ ቢለቁት ይወድቃል። ጀማሪ ከሦስት ደቂቃ ጀምሮ በየሳምንቱ አንዲት ደቂቃ ቢጨምር በሁለት ወር ውስጥ አሥሩን ያልፋል። ጭን መንቀጥቀጡ የሚጠበቅ ነው፤ ጉልበት መውጋቱ ግን የስሕተት ምልክት ነው።

ከዚያ አሥር ደቂቃ እርምጃ ነው። በዚህ ጊዜ እጅ ከወገብ ኋላ ይታሠራል። ክብደት ሙሉ በሙሉ ወደ አንዱ እግር ይሄዳል፣ ሌላው ባዶ ይሆናል፣ ባዶው እግር ምንም ክብደት ሳይዝ ወደፊት ሄዶ በተረከዙ መሬቱን ይነካል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ክብደት ይከተላል። አንድ ደብተራ በማኅሌት ላይ መቋሚያውን ይዞ ሲዘም ያየ ሰው ክብደት ከእግር ወደ እግር እንዴት ሳይቸኩል እንደሚሄድ ያውቃል፤ አንድ ወዳጄ ይህን እርምጃ በአንድ ቀን የያዘው ከልጅነቱ ጀምሮ በማኅሌት በመቆሙ ይመስለኛል። ወደፊት አምስት፣ ወደኋላ አምስት እርምጃ የሚበቃ ስፍራ ካለ መመላለስ ይቻላል።

ከእርምጃው በኋላ አሥር ደቂቃ ፎርም፣ የመጨረሻውን አሥር ደቂቃ ደግሞ ለአንድ እንቅስቃሴ ጥናት እሰጣለሁ። ፎርሙን በሙሉ የሚሠሩት በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን፣ በቀሩት ቀናት አንዱን ክፍል ብቻ ደጋግሞ ማጥራት የበለጠ ያስተምራል።

«የአንድ እንቅስቃሴ ጥናት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከሁሉም ጥያቄዎች ረዘም ያለ መልስ የሚገባው ይህ ነው። በምሳሌ እንየው። በሁሉም የያንግ ፎርሞች ውስጥ ጉልበትን ጠርጎ በመዳፍ መግፋት የሚባል እንቅስቃሴ አለ። ግራ እጅ ከሆድ ፊት ወርዶ በግራ ጉልበት በኩል ወደ ውጭ ይጠርጋል፣ ግራ እግር ወደፊት ይራመዳል፣ ቀኝ መዳፍ ከጆሮ ጎን ተነሥቶ ወደፊት ይገፋል። በመናፈሻ ሲታይ ዝንብ የማባረር ያህል ቀላል ነው።

ለውጊያ ሲጠና ግን መጀመሪያ የማይታየውን ሰው ማቆም ያስፈልጋል። ወደ ሆድ የመጣ ርግጫ ወይም ዝቅ ያለ ጡጫ አለ፤ ግራ እጅ ይህን የሚያሳልፈው በመምታት ሳይሆን ነክቶ በመምራት ነው። የሚመራውም ወገብ እንጂ ክንድ አይደለም፤ ለዚህ ማረጋገጫው ክንድን ከአካል ጋር አጣብቆ ወገብን ብቻ በማዞር እጁ ምን ያህል እንደሚሄድ ማየት ነው። በሁለተኛ ደረጃ የእግር አቀማመጥ ይታያል። የፊትና የኋላ እግር በአንድ መስመር ላይ ከዋሉ ሰው በጎን በኩል በጣት ገፍቶ ይጥላል፤ በመካከላቸው የትከሻ ያህል ስፋት መኖር አለበት። በሦስተኛ ደረጃ ቅደም ተከተሉ ይጠናል፦ እግር ይደርሳል፣ ክብደት ይሄዳል፣ ወገብ ይዞራል፣ መዳፍ ከሁሉም በኋላ ይደርሳል። መዳፍ ቀድሞ የደረሰ ከሆነ የገፋው ክንድ ብቻ ነው፤ የክንድ ጉልበት ደግሞ እርሻ ላይ የሚውል ሰውን አይነቀንቅም።

ይህን በቤት ውስጥ የምፈትነው በጆንያ ነው። የጤፍ ጭድ የተሞላ፣ ከታቹ ጥቂት አሸዋ የተጨመረበት ጆንያ በግቢዬ ካለው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በደረት ቁመት አንጠልጥያለሁ። ጆንያው አይመታም፤ ይገፋል። መዳፌን ሳልወረውር አስነክቼ፣ ከኋላ እግሬ ጀምሬ ስገፋው ቀጥ ብሎ ከሄደ ኃይሉ ከመሬት መጥቷል፤ እየተሽከረከረ ወደ ጎን ከሄደ ትከሻዬ ጣልቃ ገብቷል፤ እኔ ራሴ ወደኋላ ከተንገዳገድሁ ደግሞ የኋላ ተረከዜ ከመሬት ለቋል። ከሁሉም የሚጠቅመው ጆንያው ሲመለስ ነው። በቆመ ክንድ ቢቀበሉት ይመታል፤ መዳፍን እንዳስነኩ ወደኋላ እግር ተቀምጠው ወገብን ቢያዞሩ ግን በጎን ያልፋል። ታይ ቺ «ሉ» የሚለው፣ የመጣውን ተቀብሎ ማሳለፍ፣ ይኸው ነው። ከሰው ጋር ከመሥራት ባይተካከልም፣ ሰው በሌለበት ቀን ከዚህ የተሻለ መምህር አላገኘሁም።

አንዱን እንቅስቃሴ በዚህ መንገድ አንድ ወር ይያዙት። በዓመት አሥራ ሁለት ይሆናል፤ ከ24ቱ አንዳንዶቹ ድግግሞሽ መሆናቸውን ሲያስቡ ይህ ትንሽ አይደለም።

በዝግታ የተለማመድሁት ሰው ፈጥኖ ሲመጣ ምን ይጠቅመኛል?

ዝግታ ስሕተትን ማያ መስታወት ነው። ፈጥኖ የሚሠራ ሰው በሁለት እግሮቹ መካከል ያለውን የሚዛን መጥፋት በግስጋሴው ይሸፍነዋል፤ ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው መሸፈኛ ስለሌለው ይወድቃል ወይም ያርማል። ይሁን እንጂ ዝግታ ብቻውን ይበቃል የሚለውን አስተያየት አልቀበልም። የቼን ቤተሰብ ራሱ ከዝግተኛው የመጀመሪያ ፎርም ቀጥሎ ፈጣን፣ ዝላይና ተከታታይ ምት የበዛበትን ሁለተኛ ፎርም ያስተምራል። በቤት ውስጥም አንድ እንቅስቃሴ በዝግታ ከጠራ በኋላ በመጠነኛ ፍጥነት፣ በመጨረሻም በሙሉ ፍጥነት ጥቂት ጊዜ መሠራት አለበት። ድንገተኛ ኃይል መልቀቅን ግን በመጀመሪያው ዓመት፣ ሰውነት ሳይሞቅ ወይም ክርንን ቀጥ አድርጎ መሞከር መገጣጠሚያን ይጎዳል።

ቤቴ ጠባብ ነው፤ ወለሉም ሲሚንቶ ነው። ምን ላድርግ?

ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ካለ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ፎርሙ ወደ ግድግዳ ሲያደርስዎት አንድ እርምጃ ወደኋላ ተመልሶ መቀጠል እንጂ እርምጃውን ማሳጠር አይገባም። ያጠረ እርምጃ ልማድ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ወለል ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ልስን ሲሚንቶ በካልሲ ያንሸራትታል፤ በጎማ ጫማ ደግሞ እግርን ይይዛል። እኔ ጉልበቴን ያመመኝ በሁለተኛው ምክንያት ነው። ክብደቴን በሙሉ በቀኝ እግሬ ላይ አድርጌ ሳለሁ እግሬን ለማዞር ሞከርሁ፤ የጫማው ጎማ ሲሚንቶውን ያዘ፣ ወገቤ ዞረ፣ ጣቶቼ ቀሩ፣ በመካከል ያለው ጉልበት ተጠመዘዘ። ሁለት ወር ያህል ደረጃ ስወርድ እያነከስሁ ነበር። ስለዚህ ጀማሪ መጀመሪያ ክብደቱን ወደኋላ እግር መልሶ የሚዞረውን እግር ባዶ ያድርግ፣ ከዚያ በተረከዙ ላይ ያዙረው። ጫማው ስስ ሸራ ቢሆን ይመረጣል። በእበት የተለቀለቀ የመሬት ወለል ለእግር ከሁሉም ይመቻል፤ የተነጠፈ አጎዛ ወይም ተንሸራታች ምንጣፍ ካለ ግን መነሣት አለበት።

ጉልበቴ ሲታጠፍ ያመኛል። ዝቅ ብዬ መቆም የግድ ነውን?

የግድ አይደለም። ዝቅ ማለት የጥንካሬ ውጤት እንጂ የችሎታ መለኪያ አይደለም። የፊት ጉልበት ከእግር ጣቶች ጫፍ አይለፍ፣ ወደ ውስጥም አይውደቅ፤ ጉልበትና የእግር ጣቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልከቱ። ከፍ ብለው ቆመው ይህን ጠብቀው ከሠሩ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። ካበጠ፣ ከቆለፈ ወይም ሌሊት ካሳመመ ልምምዱን አቁሞ ሐኪም ማየት ነው።

በክረምት እንዴት ልቀጥል?

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች በመሆኗ ከሰኔ እስከ መስከረም ማለዳው ጭጋግና ዝናብ፣ ግቢውም ጭቃ ነው፤ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ ደግሞ ጅማትን ያደድራል። በእነዚህ ወራት ማፍታታቱን ከአምስት ወደ አሥር ደቂቃ ከፍ አድርጌ ጋቢ እንደለበስሁ እጀምራለሁ፣ ጋቢውን የማወልቀው ገላዬ ሲሞቅ ነው። ቆሞ የመቆየት ልምምድ ቦታ ስለማይጠይቅ ክረምት የእርሱ ወራት ነው። ባሕር ዳር ያሉት በዚህ አይቸገሩም፤ የእነርሱ ችግር ቀትር ስለሆነ ማለዳውን ወይም ምሽቱን ይጠቀሙ።

በጾም ወራት ልምምዱን ላቋርጥ?

አይቋረጥም፤ ይቀንሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም ሳይቀምስ የሚውል ሰው ማለዳ ላይ ከባድ ላብ የሚያስወጣ ሥራ ቢሠራ ቀኑን በሙሉ ራሱን ያመዋል። በዐቢይ ጾም ማለዳ ላይ አምስት ደቂቃ መቆምና የፎርሙን አንድ ክፍል ብቻ ሠርቶ፣ ጆንያውንና ፈጣኑን ልምምድ የዕለቱን ጾም ከፈቱ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ማታ ላይ ማድረግ ይበቃል። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ስግደቱ ራሱ ለጭንና ለጉልበት በቂ ሥራ ነው። በስቅለት ማግስት ዝቅ ብሎ ለመቆም የሞከረ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ታይ ቺ ከሃይማኖቴ ጋር ይጋጫልን?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ በቁም ነገር ሊመለስም ይገባዋል። አንድ የቃል ስሕተት በማረም እጀምራለሁ። ብዙ ሰው በ«ታይ ቺ» ውስጥ ያለው «ቺ» ከእስትንፋስ ጋር የሚያያዘው የቻይናውያን «የሕይወት ኃይል» ይመስለዋል። አይደለም፤ ሁለቱ በቻይንኛ በተለያየ ፊደል የሚጻፉ የተለያዩ ቃላት ናቸው። በስሙ ውስጥ ያለው «ጂ» የመጨረሻ ጫፍ ወይም ዳርቻ ማለት ሲሆን ታይ ጂ የሚለው ስያሜ ደግሞ የተቃራኒዎችን፣ ማለትም የባዶና የሙሉን፣ የለስላሳና የጠንካራን መፈራረቅ ከሚመለከት የቻይና ፍልስፍና የተወሰደ ነው። ልምምዱ ራሱ ጸሎትም ስግደትም አይጠይቅም፤ ክብደትን ከእግር ወደ እግር ማዛወር የማንም ሃይማኖት ሥርዓት አይደለም። አንዳንድ ቦታ ለቀደሙ መምህራን ሥዕል እጅ መንሣት ወይም ዕጣን ማጨስ ሊኖር ይችላል፤ ይህን መተው ከውጊያ ጥበቡ ምንም አያጎድልም። ልብዎ ካላረፈ ለንስሐ አባትዎ የሚሠሩትን በዓይናቸው ያሳዩአቸው፤ በወሬ ከሚነገራቸው ቢያዩት ይሻላል።

ከሰው ጋር የሚደረገው ልምምድ እንዴት ይጀመራል? ታይ ቺ የሚያውቅ ሰው በአካባቢዬ የለም።

ታይ ቺ ማወቁ የግድ አይደለም። በከተሞቻችን ቴኳንዶ ወይም ካራቴ የሞከረ ወጣት ማግኘት ይቀላል፤ ባይገኝም በእረኝነቱ ሜዳ ላይ ትግል ሲገጥም ያደገ ሰው አይጠፋም፤ እንዲያውም ይህ ሰው ጉልበቱን ከየት እንደሚያመጣ በእውቀት ሳይሆን በልማድ ያውቃል።

የሚጀመረው በአንድ እጅ ነው። ሁለቱም ቀኝ እግራቸውን አስቀድመው ትይዩ ይቆማሉ፣ የእጃቸውን አንጓ ጀርባ ለጀርባ ያነካካሉ፤ አንዱ ወደ ሌላው ደረት በዝግታ ይገፋል፣ ሌላው ንክኪውን ሳይለቅ ወደኋላ እግሩ ተቀምጦ ወገቡን አዙሮ ያሳልፈውና በተራው ይገፋል። እጆቹ በአየር ላይ አግድም ክብ ይሠራሉ። ሕጉ አጭር ነው፤ እግር አይነሣም፣ መያዝ የለም፣ ንክኪ አይቋረጥም። እግሩ የተነቃነቀ ተሸነፈ።

ከአንድ የአጎቴ ልጅ ጋር ይህን የጀመርን ሰሞን እርሱ በትግል ልማዱ እጄን አንቆ ይጎትተኝ ነበር፣ እኔም በንዴት መልሼ እጎትት ነበር። እናቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቡና እየለቀሙ አይተውን፣ «እናንተ ልጆች፣ ወይ ተጣሉ ወይ ተዉት፤ ይህ ምኑም አይደለም» አሉን። ትክክል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተስማማንበት መንገድ አንዱ ጉልበት በጨመረ ቁጥር ሌላው ንክኪውን ጠብቆ ኃይሉን ግማሽ እንዲያደርግ ነው። የሚጎትት ሰው ተቃውሞ ሲያጣ የራሱ ጉልበት ይዞት ይሄዳል፤ ይህን አንድ ቀን በገላው ያየ ሰው ስለ ልስላሴ ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም።

የአንድ እጁ ክብ ከተለመደ በኋላ በሁለት እጅ አራቱን መሠረታዊ ኃይሎች ማፈራረቅ ይከተላል፤ እነዚህም ክንድን ክብ አድርጎ መቀበል፣ ማሳለፍ፣ አንዱን እጅ በሌላው ደርቦ መግፋትና በሁለት መዳፍ መግፋት ናቸው። ከስምንቱ የቀሩት አራቱ፣ ማለትም ወደታች ነጥቆ መሳብ፣ ጠምዝዞ መለያየት፣ ክርንና ትከሻ፣ በቅርብ ርቀት የሚሠሩና ጉዳት የሚያስከትሉ ስለሆኑ ቢያንስ አንድ ዓመት ይዘግዩ። በመጨረሻም ጓደኛዎ በስምምነት፣ በለሰለሰ ጡጫና ርግጫ ከርቀት እየመጣ እንዲያጠቃዎት ያድርጉ፤ ያለዚህ የእጅ መገፋፋቱ ራሱ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

ከቪዲዮ መማር ይቻላልን?

ቅደም ተከተልን አዎ፤ ስሜትን አይደለም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ አንድ ጥሩ ቪዲዮ አውርዶ በስልክ ላይ ማስቀመጥና ሌላ አለመፈለግ ይመረጣል። ከመመልከት ይልቅ መቀረጽ ይጠቅማል፤ በወር አንድ ጊዜ ስልክዎን መስኮት ላይ አቁመው አንዱን እንቅስቃሴ ከፊትና ከጎን ይቅረጹ። ትከሻዬ ወርዷል ብለው ያመኑት ትከሻ ጆሮዎ ሥር ተሰቅሎ ሊያገኙት ይችላሉ።

ሽመል ይዤ መለማመድ እችላለሁን?

ታይ ቺ የራሱ የጎራዴ፣ የጦርና የረጅም ዘንግ ልምምዶች አሉት፤ ስለዚህ በጎጃም ሰው እጅ የማይጠፋው ሽመል ለዚህ ባዕድ አይደለም። ሆኖም ባዶ እጁ ከወገብ መንቀሳቀስ ያልለመደ ሰው ሽመል ሲይዝ ወደ ክንድ ጉልበቱ ይመለሳል። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ከሰውና ከከብት ርቆ፣ በአንድ ጫፉ ይዞ በዝግታ ክብ ማሠራት ጥሩ መነሻ ነው።

እየተሻሻልሁ መሆኔን በምን አውቃለሁ?

ፎርሙን እየሠሩ ሳለ ሰው በድንገት «ቁም!» ቢልዎትና በዚያው ቅጽበት አንዱን እግር ሳይንገዳገዱ ማንሣት ከቻሉ ክብደትዎን ያውቁታል ማለት ነው። ሌላው ምልክት ከጓደኛዎ የሚመጣ ነው፤ ሲገፋዎ «የት እንዳለህ አላገኘሁህም» ማለት ይጀምራል። ያለኝን እነግርዎታለሁ፤ የአጎቴ ልጅ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለኝ በሦስተኛው ዓመት ነው።

በእርሻ፣ በልቅሶ ወይም በመንገድ ምክንያት ልምምዱ ቢቋረጥስ?

ይቋረጣል፤ የአጨዳ ሰሞን ለቤተሰቡ የማይደርስ ሰው የለም፣ ለቅሶ ቤትም ይታደራል። ባሉበት ቦታ አውቶቡስ እየጠበቁም ቢሆን በአንድ እግር ላይ ክብደትን ማሳረፍ ይቻላል። ከሳምንት በላይ ከቆየ ሲመለሱ የጎደለውን ለማካካስ አይሞክሩ፤ ለሦስት ቀን መቆምንና እርምጃን ብቻ ይሥሩ፣ በአራተኛው ቀን የፎርሙን የመጀመሪያ ክፍል ይጨምሩ፣ ወደ ጆንያው የሚመለሱት ጭንዎ መንቀጥቀጡን ሲያቆም ነው።